አዞረኝ

«ባለ እጅ» የሚለውን ቃል ስሰማ ዛሬም ደሜ ይፈላል። እስቲ እጅ የሌለው ማን ነው? እኔም እጅ ነበረኝ፤ ያውም አርጩሜ የማይለየው እጅ። ግን እኔን ባለ እጅ ያለኝ የለም፤ እትዬ ነበር የምባለው። ባለ እጅ የሚሉት ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ማረሻ የሚሠራውን፣ እሱ ባይኖር አገሬው መሬቱን በጥፍሩ ሊጭር የነበረውን ሰው ነው። ማረሻውን ከእጁ ይቀበሉታል፤ ዘወር ሲል ቡዳ ይሉታል። ልጆቻቸውን በዓይኑ እንዳይበላቸው ብለው ከነጠላ ሥር ይሸሽጓቸዋል። ይህን ስናገር ድምፄ ከፍ ስለሚል ልጆቼ «እማ፣ ቀስ» ይሉኛል። ቀስ አልልም።

ነገሩ የሆነው በንጉሡ ጊዜ፣ በሃምሳዎቹ መጀመሪያ፣ ዳንግላ ሳስተምር ነው። ደብረ ማርቆስ አካባቢ ተወልጄ ያደግሁ፣ ከአማርኛ በቀር ሌላ የማላውቅ፣ ሃያ ሁለት ዓመት እንኳ በቅጡ ያልሞላኝ ነበርኩ። ሦስተኛ ክፍል ሰጡኝ፤ በዓመቱም ከልጆቹ ጋር ወደ አራተኛ አለፍኩ። ከተማሪዎቼ ግማሾቹ የከተማ ልጆች ነበሩ፤ የቀሩት ከገጠር በእግራቸው የሚመጡ፣ ቤታቸው አገውኛ የሚነገር ልጆች። አማርኛው ቶሎ እንዲገባቸው ብዬ አንድ ሕግ አወጣሁ። በትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ አገውኛ የተናገረ ልጅ ሰንደቅ ዓላማው ሥር ተንበርክኮ ይቆያል። ማንም አላዘዘኝም፤ ከራሴ አመንጭቼ ነው። ዳይሬክተሩ ሰምቶ አመሰገነኝ፤ እኔም ምስጋናው ጣፈጠኝና ሕጉን አጠበቅሁት።

በክፍሌ አንዲት የባለ እጅ ልጅ ነበረች። አሥር ዓመት ቢሆናት ነው። አንድ አግዳሚ ወንበር አራት ልጅ ይይዛል፤ እሷ ግን በአንዱ ላይ ብቻዋን ነበር የምትቀመጠው። ሌሎቹ አምስትም ስድስትም እየሆኑ ይጣበቃሉ፣ ጫፍ ላይ ያለው ግማሽ ቂጡ አየር ላይ ነው፤ የሷ ወንበር ግን ባዶ። በግድ አጠገቧ ያስቀመጥኳት ልጅ በማግስቱ ቀረች። ሌላ አስቀመጥኩ፤ የዚያኛው እናት ግቢው ድረስ መጥታ ምን የመሰለ የስድብ ናዳ አወረደችብኝ። ከዚያ በኋላ ተውኩት። ተውኩት ስል ምንም እንዳልሆነ አድርጌ ትምህርቴን ቀጠልኩ ማለቴ ነው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ።

ዐቢይ ጾም ሲገባ አባትዬው ትምህርት ቤት መጣ። በር ላይ ቆሞ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ገብቶ ላለመቀመጥ ሰበብ ሲደረድር ቆየ። ጢሙ ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት፣ አባቴን በዕድሜ የሚያክል ሰው ነው። እሱ እርስዎ ይለኛል፣ እኔ አንተ እለዋለሁ። ያን ጊዜ ነውርነቱ አልታየኝም።

«ልጄ እየከሳችብኝ ነው» አለ። «ማታ ማታ ምን ተማርሽ ስላት ማን አጠገቧ እንዳልተቀመጠ ነው የምትነግረኝ። እስከ ፋሲካ አንድ ልጅ እንኳ አብሯት ካልተቀመጠ አስወጣታለሁ። ፊደሉ ይቅርባት።»

«ምን ላድርግ ታዲያ?» አልኩት፤ ቁጣ ቁጣ እያለኝ።

«ልጆቹን ቤቴ ያምጡልኝ። የሠራሁትን በእጃቸው ይንኩት። የኔን ሥራ ከነኩ እሷንም አይፈሯትም።»

ምን ሠርተህ ስለው ነው ዝርዝሩን የነገረኝ። በወጣትነቱ ጣሊያን ዳንግላ ሳለ ጋራዥ ውስጥ ዕቃ ያቀብል ነበር። ጣሊያን ሲወጣ የተበላሹ ካሚዮኖቹን ጥሎ ሄደ፤ እሱ ከዚያ ኩሽኔታውንና ቡሎኑን፣ ጥርስ ያለውን ብረት ሁሉ እየለቀመ ቤቱ አጠራቀመ። ማረሻና ማጭድ ሲሠራ ውሎ በትርፍ ጊዜው ከእንጨት ሰው እየጠረበ፣ ከሥራቸው መዘውር እየገጠመ፣ እጀታ ሲዞር እንዲንቀሳቀሱ አደረጋቸው። ለማን ብሎ? ለልጁ። ሌላ ማን አላት?

ለዳይሬክተሩ ነገርኩት። ትከሻውን ሰበቀና «የእጅ ሥራ ትምህርት ብለሽ ውሰጃቸው፣ ኃላፊነቱ ግን ያንቺ ነው» አለኝ። ኃላፊነቱ ያንቺ ነው ማለት ሲቀና የኔ፣ ሲጠምም ያንቺ ማለት እንደሆነ የገባኝ በኋላ ነው።

አንድ ረቡዕ፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ፣ ሃያ የሚሆኑ ልጆች አሰልፌ ሄድኩ። የቀሩት እናቶቻቸው ከልክለዋቸው ነው። ቤቱ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። ከመኖሪያው ጎን በቀርከሃ የተሠራች፣ በጭቃ የተመረገች አንዲት ክፍል ነበረች። በሩ ላይ ሳንቃ ተሰቅሏል፤ ሳንቃው ላይ በከሰል «ንኩ» ይላል። የልጅቱ ጽሑፍ ነው፤ እኔ ነኝ ያስተማርኳት፣ አለቦታው የረዘመውን የ«ኩ»ን እግር አውቀዋለሁ።

ዛሬ እንዲህ ያለውን ሙዚየም ይሉታል። መስተዋት ውስጥ ያስቀምጡትና አትንኩ ብለው ይጽፉበታል። እዚያ ግን ካልነካህ ምንም የለም፤ ሁሉም ነገር ዝም ብሎ የቆመ እንጨት ነው። ሁለት በሬና አንድ ገበሬ አሉ፤ እጀታውን ስታዞር በሬዎቹ አንገታቸውን እየሰበቁ ይራመዳሉ፣ ገበሬው ጅራፉን ያነሣል። ሙቀጫ የሚወቅጡ ሁለት ሴቶች አሉ፤ ዘነዘናቸው እየተፈራረቀ ይወርዳል፣ አንድ ጊዜም አይጋጭም። አንድ ዳኛ አለ፤ በቀኝ ስታዞረው በቀኝ ላለው ከሳሽ ራሱን ይነቀንቃል፣ በግራ ስታዞረው ለተከሳሹ። የከተማ ልጆች እሱን አይተው በሳቅ ፈነዱ። ዳኛ ምን እንደሆነ ከቤታቸው ያውቁታል ማለት ነው።

ትልቁ ግን የፈረሰኞቹ ነበር። የአገው ፈረሰኛ እንዴት እንደሚጋልብ ያየ ሰው ነው የሠራው። ስድስት ፈረሰኞች በክብ መድረክ ላይ ይሳደዳሉ፤ ፈረሶቹ ከፍ ዝቅ ይላሉ፣ ጋላቢዎቹ ወደ ኋላ ለጠጥ ይላሉ፣ ዘንጋቸው ይወዛወዛል። ያን ሁሉ የሚያንቀሳቅሰው አንድ የካሚዮን ኩሽኔታ ነው፤ ድምፅ እንኳ የለውም። እኔ ራሴ አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

መጀመሪያ ማንም አልነካም። ልጆቹ ግድግዳው ላይ ተለጥፈው እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ቆሙ። ባለ እጁ መሐል ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ ልጁ አጠገቡ ናት፣ ጥፍሯን ትበላለች። እኔ ንኩ ብዬ ብጮህ ኖሮ ይነኩ ነበር፣ ግን ያ የፍርሃት ነው፤ የፈለግነው እሱን አልነበረም። ዝም አልኩ። ዝም ማለት ለኔ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሚያውቀኝ ያውቀዋል።

በመጨረሻ አንድ የገጠር ልጅ ወጣ ብሎ የፈረሰኞቹን እጀታ ያዘ። ዘጠኝ ዓመት ገደማ የሆነው፣ ክፍል ውስጥ ድምፁን ሰምቼው የማላውቀው ልጅ ነው፤ ብዙ ጊዜ ካንበረከክኳቸው አንዱ። ባለ እጁ «እንዲህ፣ ቀስ እያልክ» ብሎ ሳይነካው በእጁ አሳየው። ልጁ አዞረ። ፈረሶቹ ሲነሡ ልጁ ሳቀ፤ ጥርሱን ያየሁት ያን ቀን ነው። ከዚያማ ቤቱ ቀውጢ ሆነ። አንዱ በሬ ጋ፣ አንዱ ዳኛ ጋ፣ አንዷ የልጅቱን ክንድ ይዛ «ይሄንንስ እንዴት ነው?» ትላለች። ክንዷን ይዛ። አባትዬው ያንን አየና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ጥግ ላይ አንድ ሌላ ነገር ነበር፤ ልጆቹ ተሰብስበውበት ይንከተከታሉ። ጠጋ ብዬ አየሁ። ክፍል ነው። የእንጨት ልጆች ወንበር ላይ ተደርድረዋል፤ ፊት ለፊታቸው ነጠላ የለበሰች የእንጨት ሴት ቆማለች። እጀታው ሲዞር አርጩሜዋ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ይወጣል፣ ይወርዳል። አፏም አብሮ ይከፈታል።

«ማን ነግሮህ ነው ይሄን የሠራኸው?» አልኩት። ቱግ ብዬ ነበር።

«ልጄ ናት» አለኝ። «ክፍላችሁ ምን ይመስላል ብያት ነው።»

ፊቴ ጋለ። አርጩሜውን ከእንጨቷ እጅ ነቅዬ ልጥለው ቃጥቶኝ ነበር። ልጆቹ ሳቃቸውን ውጠው ያዩኛል። ትቼው ወጣሁና ደጅ ቆምኩ። ንዴቴን ሳበርድ ስንት ደቂቃ እንደቆየሁ አላውቅም፤ ያን ጊዜ ግን ውስጥ መሆን ነበረብኝ።

ለምን ብትሉ፣ ያ የገጠር ልጅ ከፈረሰኞቹ አልተላቀቀም ነበር። ያለማቋረጥ ያዞራል፣ በዓይኑ ይከተላቸዋል። ጾም ነው። እኛ አገር ልጅ ሰባት ዓመት ካለፈው ያስጾሙታል። ይህ ልጅ ጎሕ ሲቀድ ከቤቱ ወጥቶ ሁለት ሰዓት በእግሩ መጥቷል፤ እህል ውኃ አልቀመሰም። ይህን ማወቅ የኔ ፈንታ ነበር፣ የማንም አይደለም። ጩኸት ሰምቼ ስገባ ልጁ መሬት ላይ ተዘርግቷል።

«አንሣው እንጂ፣ ምን ታየኛለህ?» አልኩት ባለ እጁን።

ሁለት እጁን ዘርግቶ ጎንበስ ካለ በኋላ ቀጥ አለ። «እኔ አልነካውም» አለኝ፤ «እርስዎ ያንሡት።»

አነሣሁት። ልጅቱ በቅል ውኃ አመጣች፤ ፊቱን አራስንለት፣ ትንሽም ጠጣ። ወዲያው ዓይኑን ከፍቶ ፈረሰኞቹን ፈለገ። ምንም አልሆነም ነበር፤ ራበው፣ ዞረበት፣ ወደቀ፣ ተነሣ። ነገር ግን ሌሎቹ ልጆች በሩን ሰብረው የወጡ ያህል ወጥተው ከኛ ቀድመው ከተማ ደርሰዋል።

በማግስቱ ጠዋት የልጁ አጎት ልጁን ይዞ ዳይሬክተሩ ቢሮ መጣ። እኔም ተጠራሁ። ልጁን ቤት ወስደው ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም በአፍንጫው ሲያደርጉበት፣ ጭስ ሲያጥኑት አምሽተዋል፤ ማን በላህ፣ ተናገር እያሉ። እሱ ግን አልለፈለፈም። ዓይኑ አብጧል። አጎትዬው በአማርኛ «ዝም ብሏል፤ እዚህ ይናገር» አለ።

ዳይሬክተሩ ወንበሩ ላይ ተመቻችቶ፣ እጁን አጣጥፎ፣ «ትናንት እዚያ ቤት ምን ሆንክ? እውነቱን» አለው።

ልጁ እኔን አየ። ይህን አስተያየት እስክሞት አልረሳውም። በምን ቋንቋ ልመልስ ማለቱ ነበር። እኔም፣ አዎን እኔው፣ ግንባሬን ኮስተር አደረግሁ፤ ዳይሬክተሩ ፊት አማርኛ እንዲናገርልኝ ፈልጌ። ሁለት ዓመት ያስተማርኩትን አማርኛ ሊያሳይልኝ ነው።

«ሰውዬው አዞረኝ» አለ።

«ምን አልክ? ድገመው።»

«ሰውዬው አዞረኝ። ብዙ አዞረኝ።»

አጎትዬው ከመቀመጫው ተነሣ። «ሰማችሁ፤ ጭንቅላቱን አዞረበት። ከልጁ አፍ ነው» አለ።

እኔ ምን ማለቱ እንደሆነ አውቃለሁ። ከዚያ በፊት ሳምንት ሙሉ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ዞረ፣ አዞረ፣ አስዞረ እያልኩ ሳስጮሃቸው ነበር። ሰውዬው አስዞረኝ ሊል ነው፤ እንዳዞር ፈቀደልኝ፣ ብዙ እንዳዞር ተወኝ ሊል ነው። አንዲት «ስ» ነው የዋጠው። እኔ ደግሞ ያን በቀስታ ማስረዳት ሲገባኝ ምን አደረግሁ? እንደ ለመድኩት ጮህኩበት። «አዞረኝ አይባልም፤ ስንት ጊዜ ነው የምነግርህ» ብዬ ጠረጴዛውን መታሁ።

ልጁ ከአጎቱ ጀርባ ገባ።

«አስዞረኝ ማለቱ ነው» አልኩ፤ ድምፄን ዝቅ ለማድረግ እየታገልኩ። «እጀታውን እንዳዞር ፈቀደልኝ ማለቱ ነው። ሰዋስው ነው የተሳሳተው።»

«ልጁን ቃል አታጉርሺው» አለኝ ዳይሬክተሩ። «እንደዚህ የምትቆጪው ምን እንዳይናገር ነው?»

«በቋንቋው ይጠየቅ እንግዲያ። በአገውኛ ይናገር።»

አጎትዬው ወደ ልጁ ዞሮ በአገውኛ ጠየቀው። ልጁ አፉን ሊከፍት ብሎ እኔን አየና ገጠመው። እንደገና ጠየቀው። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ቀስ ብሎ ተንበረከከ። አዎ፣ ዳይሬክተሩ ቢሮ፣ ምንጣፉ ላይ ተንበረከከ። በግቢው ውስጥ በአገውኛ ሊመልስ ከሆነ ቅጣቱን አስቀድሞ መክፈሉ ነው። «ተናገር፣ ፈቅጃለሁ» አልኩት፤ ለመንኩት ማለት ይቀላል። ሁለት ዓመት የደፈንኩትን አፍ በአንድ ደቂቃ ላስከፍት። አንገቱን እንደ ደፋ ቀረ።

አጎትዬው ይህን አይቶ ምን ያስብ? «አስፈራርተውታል» አለ። እውነቱን ነው፤ ያስፈራራሁት እኔ ነኝ። ብቻ በምን እንዳስፈራራሁት ተሳስቷል።

ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ በአንድ ሳምንት አለቀ። የወላጆች ሽማግሌዎች መጡ፤ ያቺ ልጅ ካልወጣች ልጆቻችንን እናስወጣለን አሉ። ከመካከላቸው የልጅቱን አባት ማረሻ በዚያው ዓመት ያልገዛ አንድም አልነበረም። ዓይናቸውን በጨው አጥበው ነው የመጡት። ዳይሬክተሩ ሃምሳ ልጅና አንዲት ልጅ አወዳደረ፤ ለሱ ቀላል ሥራ ነው። ያ የእንጨት ዳኛ ከሱ ይሻላል፤ ቢያንስ ለማዞር አንድ እጅ ይፈልጋል። እኔስ? እሷ ከወጣች እኔም እወጣለሁ ብዬ ፎከርኩ፣ በሩን በኃይል ዘጋሁ፣ ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። በማግስቱ ግን ለእንጀራዬ ፈርቼ ሥራ ገባሁ። ይኸው ነው ጀግንነቴ።

ባለ እጁ ክፍሏን ራሱ አፈረሳት። ኩሽኔታውንና ብረቱን አግሎ ቀጥቅጦ ማጭድ ሠራበት፤ እንጨቱን ለከሰል አደረገው። በቀጣዩ መኸር የአካባቢው ሰው ጤፉን ያጨደው በፈረሰኞቹ ብረት ነው። አጎትዬውም ሳይቀር። አንድ ቀን ባለ እጁን መንገድ ላይ አግኝቼው ይቅርታ ልለው ብዬ «እርስዎ» ብዬ ጀመርኩ። ባርኔጣውን አነሣልኝና መንገዱን ቀጠለ።

ለልጅቱ እንድነግራት የታዘዝኩት እኔ ነኝ። ሰኞ ጠዋት፣ ሰልፍ አልቆ ልጆቹ ከገቡ በኋላ፣ ክፍሉ በር ላይ ቆሜ እግሬ አልገባ አለኝ። ምን ብዬ እንደምጀምር ሳስብ ወደ ወንበሯ አየሁ። ብቻዋን አልነበረችም።

ያ ልጅ አጠገቧ ተቀምጧል። ዓይኑ ላይ ያለው እብጠት ገና አልጎደለም። ማን እንዳዘዘው አልጠየቅሁም፣ ማንም አላዘዘውም። ጭንቅላታቸውን አጋጥመው እሷ ደብተሯ ላይ ክብ ትሥላለች፣ እሱ በጣቱ ክቡን እየዞረ የሆነ ነገር ይነግራታል፤ በአገውኛ። ድምፁ ይሰማል፤ ወፍራም፣ ችኩል፣ አንዴም የማይደናቀፍ ድምፅ። ሁለት ዓመት ሙሉ ክፍሌ ውስጥ እንዲህ ያለ ልጅ እንዳለ አላውቅም ነበር። ከኋላቸው ያሉት ልጆች ከሱም ሸሽተው ተጣብበዋል።

አባትዬው የለመነኝ ይህንኑ ነበር። አንድ ልጅ፣ እስከ ፋሲካ። ፋሲካ ገና ሦስት ሳምንት ይቀረዋል።

ስጠጋቸው ልጁ ድምፁን ቆርጦ ሊንበረከክ ከወንበሩ ተነሣ። «ተቀመጥ» አልኩት። ከዚያ ጎንበስ ብዬ ለልጅቱ በጆሮዋ ነገርኳት፤ ዛሬ ወደ ቤት እንድትሄድ፣ ነገም እንዳትመጣ። እንዴት እንዳልኩት አላስታውስም። አላለቀሰችም። ለምን አላለችኝም፤ ለምን እንደሆነ ከኔ ይልቅ ታውቀዋለች። እሱን አየችው፣ ከኋላ የተጣበቡትን ልጆች አየቻቸው፣ ከዚያ ወደኔ ቀና አለች።

«እትዬ፣ እሱስ ከማን ጋር ይቀመጣል?»

ደብተርሽን ያዢ አልኳት።